የሃምሳ ዓመት ሸክላ፤ የትኛውን እንግዛ?

(በሬዲዮ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ማታ የምናገረው ትንሽ ስለሚመስል አንድ ነገር ነው። ትንሽ የሚመስል ማለቴም፣ ሲያዩት የወር ደመወዝን ጥቂት ክፍል ብቻ የሚነካ ሆኖ ስለሚገኝ ነው። ይኸውም የቀድሞ ዘፈኖቻችን በአዲስ ሸክላ እንደገና እየታተሙ በሚወጡበት በአሁኑ ጊዜ፣ ገቢው የተወሰነ ሰው የትኛውን ሊገዛ፣ የትኛውንስ ሊተው ይገባዋል የሚለው ጥያቄ ነው። ጠልቀው ሲመለከቱት ግን ነገሩ የገንዘብ ብቻ አይደለም። የማስታወስና የመርሳት፣ የባለሙያን ድካም የማክበርና ያለማክበር ነገር ነው።

ይህን እንድናገር ያነሣሣኝ በገዛ ቤተሰቤ የደረሰ ጉዳይ ስለሆነ፣ አስቀድሜ እርሱን ልንገራችሁ።

ታላቅ ወንድሜ፣ ነፍሱን ይማርና፣ በ1960ዎቹ ዓ.ም. በባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበረ። ከደመወዙ እየቆጠበ አንድ የሸክላ ማጫወቻና ሠላሳ ያህል ትንንሽ ሸክሎች ገዝቶ ነበር። ቤቱ ከጣና ዳር ብዙም አይርቅም። ቅዳሜ ማታ ሸክላው ሲከፈት ጎረቤቱ ሁሉ ከደጃፉ ይቀመጥ ነበር። የዘፈኑም ድምፅ ከሐይቁ ነፋስ ጋር እየተቀላቀለ እስከ ዘንባባዎቹ ጥላ ድረስ ይሰማ ነበር።

ወንድሜ ካረፈ በኋላ ሸክሎቹ በካርቶን ታሽገው ከዕቃ ቤት ገቡ። የባሕር ዳርን ክረምት የሚያውቅ ሰው ከዚህ በኋላ የሆነውን ሳልነግረው ይገምተዋል። የሐይቁ እርጥበት በግድግዳው ወጣ፤ የበጋው ሙቀት ደግሞ በቆርቆሮው ወረደ። ከብዙ ዓመት በኋላ ካርቶኑን ስንከፍተው ሽፋኖቹ በሻጋታ እርስ በርሳቸው ተጣብቀዋል፤ ከሸክሎቹም የሚበዙት ተጣምመዋል። መርፌው ሳይዘል ሊሄድባቸው የቻለው በአራቱ ላይ ብቻ ነበር። የወንድሜ ባለቤት ከሁሉ አብልጣ የምትወደው ሸክላ ግን ለሁለት ተሰብሮ ተገኘ።

እትዬ ስብራቱን በመዳፏ ላይ ገጥማ አየችውና፣ «ወንድሜ፣ ይህችን አንድ ጊዜ ብቻ ደግሜ ብሰማት ምንኛ ደስ ባለኝ» አለችኝ። እኔም፣ «እትዬ፣ አይዘኑ፤ ፈልጌ አመጣልዎታለሁ» ብዬ ቃል ገባሁ።

ፈለግሁም፤ አገኘሁም። በወርቃማ ፊደል «የኢዮቤልዩ እትም» የተባለበት፣ ሥዕሉ ያማረ፣ ካርቶኑ የወፈረ ሸክላ ነበር። ከውጭ አገር በሰው እጅ አስመጣሁት። ዋጋው የቤታችንን የወር አስቤዛ ያህላል። ዘፈኑ ሲጀምር እትዬ ነጠላዋን አጣፍታ ጸጥ ብላ አዳመጠች። ሲያበቃም በትሕትና አመስግና፣ «ዘፈኑስ እሱ ነው፤ ዘመኑ ግን እሱ አይደለም» አለች።

በዚያን ጊዜ የሽፋኑን ጀርባ ገልብጬ በትንሹ የተጻፈውን አነበብሁ። ዘፋኙ ያው ዘፋኝ ነው። ነገር ግን ዘፈኑን ከብዙ ዓመታት በኋላ እንደ አዲስ ዘፍኖታል፤ ነፋሾቹ ቀርተው በእነርሱ ፈንታ የኤሌክትሪክ ኪቦርድ ገብቷል። ሻጩ አልዋሸም፤ ተጽፏልና። ያላነበብሁት እኔ ነኝ። በመሥሪያ ቤታችን ሞዴል 19 ሳይቆረጥ፣ የዕቃው ዓይነትና ቁጥር ሳይመረመር አንዲት እስክርቢቶ እንኳ ወደ ግምጃ ቤት አናስገባም። ለገዛ ቤቴ ግን የወር ቀለብ የሚያህል ገንዘብ ሳልመረምር አወጣሁ።

እንግዲህ ከዚህ ስሕተት የተማርሁትን ከመናገሬ በፊት፣ እነዚህ ሸክሎች ከየት መጥተው ወዴት እንደሄዱ ባጭሩ ማስታወስ ያስፈልጋል። የዘመኑ ቁጥር ከሽፋኖቻቸው ላይ የሚታተመው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ስለሆነ፣ እኔም ከዚህ በኋላ የምጠራውን ዓመት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር እናገራለሁ።

በአገራችን ሸክላ የማሳተምና የማስመጣት መብት በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። በ1969 ዓምሃ እሸቴ የተባለው የሙዚቃ ነጋዴ ይህን ክልከላ ደፍሮ በራሱ ስም የሸክላ ማሳተሚያ ድርጅት አቋቋመ። ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎቹ መካከል የዓለማየሁ እሸቴ ሸክላ ይገኛል። ዓምሃ ሸክሎቹን በውጭ አገር እያሳተመ እስከ 1975 ድረስ ከ100 የሚበልጡ ትንንሽ ሸክሎችና ወደ 12 የሚጠጉ ትልልቅ ሸክሎች አወጣ። አሊ ታንጎ እየተባለ የሚታወቀው አሊ አብደላ ካይፋም ተከትሎት ካይፋ በሚለው ስም አያሌ ሸክሎችን አሳተመ። ማሕሙድ አሕመድ ከአይቤክስ ባንድ ጋር የሠራው «ኧረ መላ መላ» በ1975 የወጣው በካይፋ ነው።

ከዚያ በኋላ ዘመኑ ተለወጠ። የሰዓት እላፊ ታወጀ፤ የምሽት ቤቶች ጭር አሉ። ዓምሃ በ1975 ወደ አሜሪካ ሄደ። ካሴት ደግሞ በርካሽነቱ ሸክላን ከገበያ አስወጣው። በየቤቱ የነበረው ሸክላ እንደ ወንድሜ ሸክሎች በዕቃ ቤት ቀረ፤ ወይም ማጫወቻው ሲበላሽ ለልጆች መጫወቻ ሆነ።

ከዚያም በ1986 በቤልጂየም የሚገኘው ክራምድ ዲስክስ የማሕሙድን ሥራ እንደገና አሳተመ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶም ቡዳ ሙዚክ ከተባለው የፓሪስ አሳታሚ ጋር ሆኖ «ኢትዮፒክስ» የሚለውን ተከታታይ ሥራ በ1990ዎቹ መጨረሻ ጀመረ። ይህም ተከታታይ ሥራ በ2017 በግርማ በየነ ሸክላ 30ኛው ላይ ደረሰ። አሜሪካዊው የፊልም ሠሪ ጂም ጃርሙሽ በ2005 ባወጣው «ብሮክን ፍላወርስ» በተባለው ፊልሙ ውስጥ የሙላቱ አስታጥቄን ሙዚቃ ባሰማ ጊዜ ደግሞ፣ ስለ ኢትዮጵያ ሙዚቃ ሰምቶ የማያውቅ ሰው ሁሉ ሸክላ ፈላጊ ሆነ።

እነሆ፣ ዓምሃ ያሳተማቸው ሁሉ ዛሬ ሃምሳ ዓመት ሞልቷቸዋል። ሃምሳ ዓመት ደግሞ ነጋዴ የሚወደው ቁጥር ነው። በሌላውም ዓለም እንዲሁ ነው። ቢትልስ የተባሉት የእንግሊዝ ሙዚቀኞች በ1967 ያወጡት «ሳርጀንት ፔፐር» በ2017፣ ፒንክ ፍሎይድ በ1973 ያወጡት «የጨረቃ ጨለማ ገጽ» ደግሞ በ2023 በየሃምሳ ዓመታቸው በትልልቅ ሣጥን ተሸጠዋል። ለኛ ግን ሃምሳኛው ዓመት የቱ ነው? ሸክላው ላይ 1975 ተብሎ የተጻፈው በኛ አቆጣጠር አንድም 1967፣ አንድም 1968 ነው። ስለዚህ በዓሉ በኛ ቤት ከነርሱ ጋር አንድ ቀን አይውልም። ይህን የምለው ለቀልድ አይደለም። የኢዮቤልዩው ቁጥር ከዘፈኑ ውጭ ያለ ነገር መሆኑን ለማስታወስ ነው። ዘፈን በሃምሳኛ ዓመቱ ከአርባ ዘጠነኛው ይልቅ የተሻለ አይሆንም።

እንግዲህ ቁጥሩን ወደ ጎን ትተን ምን እንጠይቅ? እኔ አራት ጥያቄዎችን ጽፌ ከኪሴ አስቀምጫለሁ።

የመጀመሪያው ጥያቄ፣ ይህ የትኛው ቅጂ ነው የሚል ነው። አንድ ዘፋኝ አንድን ዘፈን በሕይወቱ ሁለት ሦስት ጊዜ ሊቀርጸው ይችላል። አንዱን ከክብር ዘበኛ ወይም ከፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራ ጋር፣ አንዱን ከምሽት ክበብ ባንድ ጋር፣ አንዱን ደግሞ ከብዙ ዓመት በኋላ በካሴት ዘመን ይሠራዋል። ርእሱ ያው ነው፤ ስሙም ያው ነው። ስለዚህ የታተመበትን ዓመት ሳይሆን የተቀረጸበትን ዓመት ፈልጉ። አጃቢው ባንድ ማን እንደሆነ፣ ሳክስፎኑን ማን እንደነፋ፣ ሙዚቃውን ማን እንዳቀናበረ የማይናገር ሽፋን ገንዘብ ሊወጣበት አይገባም። የባለሙያውን ስም ለመጻፍ ያልደከመ አሳታሚ ለድምፁ ደክሟል ብሎ ማመን ይቸግራልና።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ ከምን ተገለበጠ የሚል ነው። አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ። የሸክላም ጥሩ ምንጩ መጀመሪያ የተቀረጸበት ቴፕ ነው። የቢትልስን ሸክላ በ2017 እንደገና ያዘጋጀው ጃይልስ ማርቲን፣ አባቱ ጆርጅ ማርቲን ያስቀረጻቸው ቴፖች በሙሉ ተጠብቀው ስላገኛቸው፣ የድምፃውያኑን፣ የከበሮውንና የጊታሩን ድምፅ ለየብቻ አውጥቶ እንደ አዲስ ሊያዋሕዳቸው ችሏል። የኛ የዚያን ዘመን ሥራዎች ግን በአብዛኛው ሙዚቀኞቹ ሁሉ ባንድ ክፍል ተሰብስበው፣ ባንድ ጊዜ እየተጫወቱ የተቀረጹ ናቸው። ባንድ ድስት አብረው የበሰሉ እንደ ማለት ነው፤ ከወጡ ውስጥ ሽንኩርቱን ለይቶ ማውጣት አይቻልም። ስለዚህ በኛ ሸክላ ላይ ማጥራት እንጂ እንደገና ማዋሐድ ብዙ ጊዜ አይሆንም።

ዋናው ቴፕ በጠፋ ጊዜ አሳታሚው በደኅና ሁኔታ የተገኘ አሮጌ ሸክላ ፈልጎ ከርሱ ይገለብጣል። ይህ ነውር አይደለም። ነውሩ መደበቁ ነው። ደግሞም መንኳኳቱንና መንሿሿቱን ፈጽሞ ለማጥፋት ሲባል የድምፁ ሕይወት አብሮ የሚጠፋበት ጊዜ አለ። ጸናጽሉ ይደበዝዛል፤ የሳክስፎኑ ትንፋሽ ይቆረጣል። አቧራ ላራግፍ ብሎ ጥለቱን እንደሚተለትል ሰው ማለት ነው። እኔ በበኩሌ ጥቂት እየተንኳኳ ሕይወት ያለውን፣ ጸጥ ብሎ ከሞተው አብልጬ እወዳለሁ።

ሦስተኛው ጥያቄ፣ ባለቤቱ ድርሻውን አግኝቷል ወይ የሚል ነው። ለኛ ለመንግሥት ሠራተኞች ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ሠርቶ ያለመከፈልን ክፉነት ሁላችንም እናውቃለን። እዚህ ላይ የኃይሉ መርጊያን ታሪክ መጥቀስ እወዳለሁ። ኃይሉ በዋልያስ ባንድ የታወቀ ኦርጋን ተጫዋች ነበር። ባንዱ በ1977 ያወጣው «ቼ በለው» የተባለው ሸክላ ከጊዜ በኋላ በሰብሳቢዎች ዘንድ ዋጋው እጅግ የናረ ብርቅ ዕቃ ሆነ። በአሮጌ ሸክላ ንግድ ግን ትርፉ ከሻጭ ወደ ሻጭ ይሄዳል እንጂ ለባለሙያው ሳንቲም አይደርሰውም። ኃይሉ ራሱ በዚያ ጊዜ በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ይነዳ ነበር።

በ2013 «ኦሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ» የተባለው አሳታሚ፣ ኃይሉ በ1985 በአኮርዲዮንና በኪቦርድ ብቻውን የሠራውን ካሴት እርሱን ፈልጎ፣ ከርሱም ጋር ተዋውሎ አሳተመው። በ2014 ደግሞ «ቼ በለው»ን አስከተለ። ይህ አሳታሚ ትርፉን ከባለሙያው ጋር እኩል እንደሚካፈል በይፋ የተናገረ ነው። ከዚህ የተነሣ ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በ2018ም «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ ሥራ አወጣ። አንድ ሸክላ እንደገና በመታተሙ አንድ ባለሙያ ለራሱ ሙያ እንደገና ተወለደ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ሸክላ የገዛ ሰው ያወጣው ገንዘብ የት እንደገባ ያውቃል። ሽፋኑ ላይ ስለ ፈቃድና ስለ ባለመብት አንዲት ቃል የሌለበትን ሸክላ ግን፣ ድምፁ ቢያምር እንኳ፣ ባለቤቱ ካልታወቀ ሰው ላይ በሬ እንደ መግዛት እቈጥረዋለሁ።

አራተኛው ጥያቄ፣ ተጨማሪው ነገር ምን ይጨምርልኛል የሚል ነው። ለምሳሌ ያህል፣ ሙላቱ አስታጥቄ በ1972 በኒው ዮርክ ያወጣው «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» የተባለው ሸክላ በ2017 ስትራት በተባለው የእንግሊዝ አሳታሚ ሲታተም፣ ከተራው እትም ሌላ ባለ ሦስት ሸክላ እትም ወጥቶለታል። አንደኛው ሸክላ ሥራውን በስቴሪዮ፣ ሁለተኛው ያንኑ ሥራ በሞኖ፣ ሦስተኛው ደግሞ ሲቀረጽ የተሞከሩትንና የተጣሉትን ይዟል። ይህ ለሙዚቃ ተማሪ ትልቅ ትምህርት ነው፤ ባለሙያው ምን ሞክሮ ምን እንደተወ ያሳየዋልና። ማታ ከሥራ ተመልሶ ከባለቤቱ ጋር ቡና እየጠጣ ለሚያዳምጥ ሰው ግን አንዱ ይበቃዋል። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» እንዲሉ፣ በተጨማሪው ገንዘብ ሌላ ባለሙያ ማወቅ ይችል ነበር። እንደዚሁም ሸክላው 180 ግራም ይመዝናል እየተባለ ብዙ ይነገራል። መወፈሩ ከመጣመም ጥቂት ይከላከልለት ይሆናል እንጂ፣ ከመጥፎ ምንጭ የተገለበጠውን ድምፅ ጥሩ አያደርገውም።

ከአድማጮች መካከል፣ «ይህ ሁሉ ድካም ለምንድር ነው? ዘፈኑ ሁሉ በእጅ ስልክ በነጻ ይሰማ የለምን?» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። እውነት ነው። እንዲያውም ከመግዛታችን በፊት በስልክ ሰምተን ብንመርጥ ገንዘባችንን እናተርፋለን፤ እኔም ይህንኑ ብማር ኖሮ ያ የመጀመሪያው ስሕተት ባልደረሰብኝ ነበር። ማጫወቻ የሌለው ሰው ሸክላ ይግዛ አልልም። ነገር ግን በስልክ የሚመጣው ዘፈን ብዙ ጊዜ ያለ ስምና ያለ ታሪክ ይመጣል። ማን እንደደረሰው፣ ማን እንደተጫወተው አይናገርም። ሸክላው ከነሙሉ ጽሑፉ በቤት ውስጥ ሲቀመጥ ግን ልጅ አንሥቶ ያነበዋል፤ አንብቦም ይጠይቃል። ከጠየቀ ደግሞ የምንመልስለት ነገር ይኖረናል። ደግሞም የአገራችንን ሥራ በውጭ አገር ሰዎች ጠብቀውት እኛ በስሙ ብቻ ስንኮራ፣ ነገሩ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እንዳይሆንብን እፈራለሁ።

አሁን ወደ ራሴ ምርጫ ልመለስ። ዘንድሮ በቆጠብሁት ገንዘብ ልገዛ ያሰብሁት ሁለት ነው፤ አቅሜ የሚፈቅደው ግን አንዱን ብቻ ነው። አንደኛው በትልቅ ሣጥን የሚሸጥ፣ ባለ ብዙ ሸክላ የኢዮቤልዩ እትም ነው። በውስጡ ካለው ከግማሽ የሚበልጠው አስቀድሞ በቤቴ አለ። ሁለተኛው የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ የፒያኖ ሸክላ ነው።

እማሆይ በልጅነታቸው በስዊዘርላንድ የተማሩ፣ በኋላም በግሸን ማርያም ገዳም የመነኮሱ ናቸው። በ1960ዎቹ ከጣናችን በስተ ሰሜን ባለችው በጎንደር ተቀምጠው የቅዱስ ያሬድን ዜማ ያጠኑ ነበር። በዚያም የቆሎ ተማሪዎች ቁራሽ እየለመኑ፣ በደጅ እያደሩ ሲማሩ አዩ። የሚሰጡት ገንዘብ ስላልነበራቸው በሙዚቃቸው ሊረዱ ቈረጡ። የመጀመሪያ ሸክላቸው በ1967 በጀርመን አገር ታተመ፤ ከሸክላም የሚገኘው ገቢ ለችግረኞች ልጆች መርጃ ሆነ። በ2006 ሥራቸው በኢትዮፒክስ 21ኛ ቁጥር ታትሞ ዓለም አወቃቸው። በ2023 በኢየሩሳሌም በ99 ዓመታቸው ካረፉ በኋላም እየታተመ ነው።

ይህን ሸክላ በአራቱ ጥያቄዎቼ መዘንሁት። የተቀረጸበት ዘመን ታውቋል። የተጫወተውም ያቀናበረውም አንድ ሰው ነው፤ ስሙም ተጽፏል። የሥራው መነሻ ዓላማ ከመጀመሪያው ጀምሮ ለሌላው መስጠት ነበር። በቤቴም የለም። የወርቅ ፊደልና የሃምሳ ዓመት ማኅተም የለበትም፤ እኔ ግን እርሱን ገዛሁ። በሐይቁ ዳር ዝናብ በሚዘንብበት ማታ ስሰማው፣ ያ ድምፅ የተፀነሰበት አገር ከኛ የአንድ ቀን መንገድ እንኳ የማይሞላ መሆኑን አስባለሁ።

ከሣጥኑ በተረፈው ገንዘብ ደግሞ ሌላ ነገር አደረግሁ። ወንድሜ ከሸክሎቹ በኋላ የሰበሰባቸው ካሴቶች ነበሩት። ከነርሱም መካከል በደርግ ዘመን በጎጃም የነበረው የግሽ ዓባይ የኪነት ቡድን ሥራዎችና በዚሁ በባሕር ዳር ሠርግ ላይ የተቀረጹ የአዝማሪ ዘፈኖች አሉ። እነዚህን እንደገና ሊያሳትም የሚመጣ የፓሪስ ወይም የለንደን ነጋዴ እስካሁን አላየሁም። ካሴትም ከሸክላ ይልቅ ቶሎ ይሞታል። ክሩ በእርጥበት ይጣበቃል፤ ድምፁም እያደር ይደክማል። ስለዚህ የካሴት ማጫወቻ አስጠግኜ፣ አንድ የሠፈራችን ወጣት እየከፈልሁት ሁሉንም ወደ ኮምፒዩተር አስገለበጥሁ። የዘፋኙን፣ የሠርጉን ቀንና የቦታውን ስም እትዬ እያስታወሰች አስጻፈችን። ይህ በየትኛውም ሱቅ የማይሸጥ እትም ነው። በየቤታችን እንዲህ ያለ እትም አለና፣ ከውጭ የሚመጣውን ከመግዛታችን በፊት መጀመሪያ የገዛ ዕቃ ቤታችንን እንድንመረምር አደራ እላለሁ።

ሸክላ ያላችሁም ጠብቁት። እንደ መጽሐፍ አቁሙት እንጂ አንዱን በአንዱ ላይ አትጫኑት። ከፀሐይና ከእርጥብ ግድግዳ አርቁት። ያረጀ መርፌ ሸክላውን እንደሚፍቅ አውቃችሁ በጊዜው ለውጡት። ዋጋው ከሸክላው ዋጋ ያነሰ ነው።

የእትዬን ነገር ሳልፈጽም እንዳልሰናበታችሁ። ያን የተሰበረ ሸክላ ዘፈን ከብዙ ፍለጋ በኋላ አገኘሁት። የተገኘውም በአንድ ሥዕል በሌለው ተራ ሽፋን ውስጥ፣ ከሌሎች ዘፈኖች መካከል በሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ ነው። ሽፋኑ የተቀረጸበትን ዓመት፣ የባንዱን ስምና ዋናው ቴፕ ስላልተገኘ ከአሮጌ ሸክላ የተገለበጠ መሆኑን ሳይደብቅ ይናገራል። ይንኳኳል፤ ይንሿሿል። እትዬ መርፌው ገና እንደተቀመጠ፣ ዘፈኑ ሳይጀምር በፊት፣ «አዎ፣ እንዲህ ነበር የሚንኳኳው» አለች። ከዚያ በኋላ አልተናገረችም። እኔም ሸክላው እስኪያልቅ ድረስ ፊቷን ላለማየት ወደ ሐይቁ ስመለከት ቆየሁ።

አድማጮቼ ሆይ፤ ሲያልቅ እትዬ፣ «ይህንንስ ዕቃ ቤት አታስገባው» አለችኝ። እኔም የማስተላልፍላችሁ ምክር ከዚህ አይበልጥም። የገዛችሁትን አንብባችሁ ግዙ፤ ከገዛችሁም በኋላ ስሙት።